የአቶ ይስማው ብስክሌትና የለሚ ሰንሰለት

አንድ ቀን ጸጉር አስተካካዩ ዘገየ የለሚን ማጅራት በምላጭ እየጠረገ ሳለ፣ ለሚ በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ አየውና፣ «ጋሽ ዘገየ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አለው።

«እሰየው! ማን ቤት?»

«አቶ ይስማው ቤት። ስመኝን ነው።»

ዘገየ ምላጩን ከልጁ አንገት ላይ አነሳና ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ስትነግረኝ፣ መጀመሪያ እጄ ላይ ምን እንዳለ እይ» አለው።

ነገሩ የሆነው ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አገሩ ሜዳ፣ ሰዉ ሁሉ ብስክሌት ላይ። አስተማሪው በብስክሌት፣ ነርሷ በብስክሌት፣ ቄሱም ጥምጥማቸውን አሳምረው በብስክሌት። ያኔ በዚያ ሰፈር በእግራቸው የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ዘገየ ነው። ብስክሌት መንዳት አያውቅም፣ ልማርም ብሎ አያውቅም፤ ለምን ሲሉት፣ «እኔ የማስተካክለው ጭንቅላት ነው፤ ጭንቅላት እንዲፈነከት አላግዝም» ይላል። ሁለተኛው አቶ ይስማው ናቸው። የሚገርመው የእሳቸው ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ሰፈር ስለ ብስክሌት ከአቶ ይስማው በላይ አውቃለሁ የሚል ሰው አልነበረም። ቢኖርም እሳቸው ፊት አይልም።

አቶ ይስማው ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። በወጣትነታቸው አንድ የጣሊያን ብስክሌት ነበረቻቸው፤ በእሷ ተወዳድረው አውራጃውን አሸንፈዋል። ከፔዳሏ እስከ ሰንሰለቷ፣ ሰንሰለቱ ከሚይዘው ከፊት ጥርሷ እስከ ኋላ ጥርሷ፣ ማርሽ መቀየሪያዋም ሳይቀር ሁሉም የአንድ ፋብሪካ ሥራ ነው። ታዲያ ምን ይሆናል፣ ሰንሰለት ነውና አንድ ቀን ተበጠሰ። የዚያ ፋብሪካ ሰንሰለት ቢፈለግ ጠፋ። ፋብሪካው ራሱ ተዘግቷል የሚል ወሬም መጣ። ሰው ሁሉ፣ «የህንድ አለ፣ የጃፓን አለ፣ የቻይናማ ሞልቷል፤ አንዱን ያስገቡላት» ቢላቸው፣ «ከሚቀላቀል ይሰቀል!» አሉና ብስክሌቲቱን እንግዳ መቀበያ ክፍላቸው ውስጥ፣ ከሠርጋቸው ፎቶግራፍ አጠገብ፣ ትልቅ ምስማር መትተው ሰቀሏት። ያውና ተሰቅላ ቀረች። ቅዳሜ ቅዳሜ በጨርቅ ይወለውሏታል። ንጹሕ ናት፤ አትሄድም።

እሳቸው ግን በእግራቸው እየሄዱ የሰው ብስክሌት መመርመር ሥራቸው ሆነ። መንገድ ላይ ያስቆማሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ «ይህ ሰንሰለት የማን ነው?» ይላሉ። የአንዱ ፋብሪካ ሰንሰለት ከሌላው ፋብሪካ ጥርስ ጋር ከተገኘ ባለቤቱ አለቀለት፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ትምህርቱን ሳይጨርስ አይለቀቅም። አንድ ጊዜ ቄስ ምናሴን ወደ ቅዳሴ ሲበሩ አስቆሟቸው።

«አባ፣ ሰንሰለትዎ ከጥርስዎ ጋር አይተዋወቅም።»

«ኧረ ልጄ፣ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ያደርሰኛል።»

«መድረሱን አልጠየቅሁም። መግባባቱን ነው የጠየቅሁት።»

ቄስ ምናሴ የዚያን ቀን ቅዳሴው ከገባ በኋላ ደረሱ። ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ ይሄዱ ጀመር።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ክፋቱ አቶ ይስማው የሰንሰለቱን ሕግ ለልጃቸውም ማድረጋቸው ነው። ስመኝ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ቁም ነገረኛ፣ ጨዋ፣ ሣቋ ደግሞ ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚያድን። ሠላሳን እየተጠጋች ነው። ከደሴ አንድ መሐንዲስ ሽማግሌ ላከ፤ «የሌላ አገር ዕቃ ነው» አሉና መለሱት። ከጎንደር አንድ ነጋዴ ላከ፤ እሱንም መለሱ። ኋላ ከገዛ አገራቸው ከቢቸና አንድ መምህር መጣ፤ አቶ ይስማው ደስ አላቸው፣ ወንበር ሳይቀር አስጠረጉ። ዘር ሲቆጠር ግን ልጁና ስመኝ በአምስተኛው ቤት ከአንድ አያት የወረዱ ሆነው ተገኙ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሰባት ቤት ያልራቀ ዘመድ እንደ እህትና ወንድም ነው፣ አይጋባም። አቶ ይስማው፣ «እህቱን ሊያገባ!» ብለው ከዘራቸውን ይዘው እስከ ዋናው መንገድ አባረሩት። እንግዲህ የሩቁ ራቀ ተብሎ፣ የቅርቡ ቀረበ ተብሎ፣ ስመኝ ቤት ቀረች።

ዘገየ ይህን ሁሉ ያውቃል። ጸጉር አስተካካይ ምን የማያውቀው ነገር አለ? ለሚን በመስታወቱ ውስጥ አየው። ለሚ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ባሕር ዳር ለሥራ መጥቶ የቀረ፣ እዚያ ዘመድ የሌለው ልጅ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሥራው ወደ ጅማ ያዛውረዋል።

«ካልሰጡኝ ብቻዬን መሄዴ ነው፣ ጋሽ ዘገየ። እሷን ትቼ ደግሞ እንዴት ብዬ እንደምሄድ አላውቅም» አለ ለሚ።

ዘገየ ማዘኑ እንዳይታወቅበት የልጁን ጭንቅላት ገፋ አድርጎ፣ «ዝቅ በል፤ ግማሽ አንገትህ አልተላጨም» አለው።

ለሽምግልናው ዘገየ ሁለት ሰዎች ያዘ። አንዱ ዘር ቆጠራ የሚያውቁት መሪጌታ ላቀው ናቸው። ሁለተኛው ልብስ ሰፊው አቶ ባዬ ነው፤ እሱ ሦስት እንዲሞላ ብቻ የመጣ ነው፣ ዝም እንዲልም ተነግሮታል።

በዚያ ሰፈር ወግ ልጅ ሊለምን የመጣ ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም። የቤቱ ጌታም ቢሆን በዚያ ሰዓት «ተቀመጡ» ካለ፣ «ሰጠሁ» ማለቱ ነው። ስለዚህ አቶ ይስማው ያን ቃል እንዳያመልጣቸው ተጠንቅቀው፣ «በሉ ቁሙ» ብለው ተቀበሏቸው።

«ጋሽ ይስማው፣ እርስዎ ልጅ አለዎት፤ እኛም ልጅ አለን። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን ብለን መጣን» አለ ዘገየ።

«ልጃችሁ ማን ይባላል?»

«ለሚ ይባላል።»

«አገሩ?»

«አባቱ የአሰላ፣ እናቱ የወልቂጤ፣ እሱ የተወለደው ድሬዳዋ፣ የሚሠራው እዚሁ እኛ ዘንድ።»

«አንድ ሰው ነው ወይስ አራት?»

«እኔ ጸጉሩን ስቆርጥ ያገኘሁት አንድ ራስ ነው።»

አቶ ይስማው አልሣቁም። እሳቸው ሲያስቁ እንጂ ሲያስቋቸው አይወዱም። «ዘሩን ቆጥራችሁ ተመለሱ» አሉ።

ቆጥረው ተመለሱ። መሪጌታ ላቀው ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የሁለቱንም ወገን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ወጡ። በአባት በኩል ወጡ፣ በእናት በኩል ወጡ። የስመኝ ዘሮች ዓባይን ተሻግረው አያውቁም፤ የለሚ ዘሮች ዓባይን አይተውት አያውቁም። መሪጌታ አንድም የሚነካካ ነገር ባለማግኘታቸው ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር።

«በሰባት ቤት አይገናኙም። በሰባ ቤትም ቢፈለግ እንጃ» አሉ።

«ጥሩ» አሉ አቶ ይስማው። «በዘር በኩል እንከን የለውም። እንግዲህ አንድ ነገር ይቀራል። ብስክሌት አለው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «አለው» አለ ዘገየ።

«አምጡልኝ።»

«ልጁን?»

«ብስክሌቱን! ሰው እናንተ ፊት ምላሱን ያሳምራል፤ እኔ ሰውን የማውቀው በሰንሰለቱ ነው። ነገ ይዛችሁት ኑ። ነገ እቆርጣለሁ። ነገ እምቢ ካልኩ ደግሞ ደጄን እንዳትረግጡ።»

ሲወጡ ስመኝ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በሩን ልትከፍት የወጣች ብትመስልም ዓይኗ ቀልቷል። ሌሎቹ እስኪያልፉ ጠበቀችና ዘገየን በእጁ ይዛ አስቀረችው።

«ጋሽ ዘገየ፣ ያንን ብስክሌት አዩት አይደል? ግድግዳው ላይ?»

«አየሁት ልጄ።»

«አባቴ ይወደዋል። ከኔ ቢያንስ እንጂ ከሌላው ሁሉ አብልጦ ነው የሚወደው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይወለውለዋል።» እንባዋ መጣ። «እኔ ሁለተኛ ብስክሌት ሆኜ እዚያ ግድግዳ ላይ አልሰቀልም። ለሚን እፈልገዋለሁ። አባቴን ረግጬ ግን አልወጣም፤ ረግጬ የወጣሁበት ትዳር አይባረክልኝም። እንደምንም ያድርጉልኝ።»

ዘገየ ምን ይበል? «እንደምንማ እናደርጋለን» ብሎ ወጣ። እንደምን እንደሚያደርግ ግን አያውቅም ነበር።

በማግስቱ የለሚን ብስክሌት ተረከበ። ሙሽራ ለራሱ ሽምግልና አብሮ አይሄድምና፣ ለሚ ብስክሌቱን ጸጉር ቤቱ በር ላይ አቁሞ፣ «ሰንሰለቱ የህንድ ነው፤ የኋላ ጥርሱ የቻይና፣ የፊቱ የጣሊያን፣ ማርሽ መቀየሪያው የጃፓን» ብሎ ነግሮት ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ዘገየም ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ብስክሌቱን እየገፋ መንገድ ገባ። መግፋቱንም አያውቅበትም፤ ፔዳሉ ቅልጥሙን ይመታዋል። በእግሩ እንጂ በሌላ ሲሄድ ታይቶ የማያውቅ ሰው ብስክሌት ይዞ ሲወጣ ሰፈሩ እንዴት ዝም ይላል!

«ጋሽ ዘገየ! ምነው ተበላሸ እንዴ?» አለው አንዱ።

«ገና አልተበላሸም። አቶ ይስማው ጋ እየወሰድኩት ነው።»

የአቶ ይስማው ግቢ ሲደርሱ መሪጌታ በቀኝ፣ አቶ ባዬ በግራ፣ ብስክሌቱ መካከል ሆኖ፣ አራት ሽማግሌ መስለው ቆሙ።

«ቤቶች!» አለ ዘገየ።

«ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» አሉ ወይዘሮ አትክልት፣ የስመኝ እናት። ፊታቸው ላይ ጭንቀት ይነበባል። ብስክሌቱም ገባ። እንግዳ መቀበያው ውስጥ፣ ያችኛዋ ከግድግዳዋ ላይ ሆና ወደ ታች እያየች፣ ይኼኛው ወለሉ ላይ ቆመ።

አቶ ይስማው መነጽራቸውን አደረጉ። ብስክሌቱን ገልብጠው በመሪውና በኮርቻው አቆሙት፤ ጎማዎቹ ወደ ሰማይ ሆኑ። ከዚያ ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ ዞሩት።

«ይህ ሰንሰለት የማን ነው?»

«የለሚ ነው።»

«ፋብሪካውን ነው የምልህ፣ አንተ ዘገየ!»

«የህንድ ነው።»

«የህንድ!» አሉና ለመሪጌታ ነገሯቸው፤ መሪጌታ ያልሰሙ ይመስል። «የኋላው ጥርስ?»

«የቻይና።»

«የፊቱ?»

«የጣሊያን።»

ወደ ግድግዳው ቀና ብለው አዩና ብስክሌታቸውን ይቅርታ የጠየቁ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማርሽ መቀየሪያውስ?»

«የጃፓን።»

«ይህ ብስክሌት አይደለም፤ ጉባኤ ነው! እስቲ ስሙት እንግዲህ፤ አሁን ሲንቋቋ ትሰማላችሁ» አሉ አቶ ይስማው። ፔዳሉን ይዘው አዞሩ።

ሁሉም ጆሮውን አቆመ። ሰንሰለቱ ሄደ። ጥርሱን ይዞ፣ ለቆ፣ ይዞ፣ ለቆ፣ ዝም ብሎ ሄደ። አቶ ይስማው ማርሹን ቀየሩት፤ ሰንሰለቱ ከትንሹ ጥርስ ወደ ትልቁ ወጣ። መልሰው ቀየሩት፤ ወረደ። በኃይል አዞሩት፤ በኃይል ዞረ። ደግመው አዞሩት። ሰንሰለቱ እንዲወልቅ እየጠበቁ እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ እሱ ግን አልወለቀም። እጃቸው ደከመ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ አሁንም ያዞራሉ።

«አንቱ ሰው፣ እንግዶቹ ቆመዋል እኮ!» አሉ ወይዘሮ አትክልት ከጓዳ።

«ይቁሙ!»

በመጨረሻ ለቀቁት። ጎማው ግን እሳቸው ከለቀቁትም በኋላ ብዙ ዞረ።

«ይገጥማል» አሉ አቶ ይስማው መነጽራቸውን እያወለቁ። «መግጠሙን አልካድኩም። መግባባት ግን አይግባባም።»

«ሲጣሉ አልሰማንም» አለ ዘገየ።

«ለጊዜው ነው! ዛሬ ችለው ዝም ብለዋል፤ ውስጥ ውስጡን ይበላላሉ። እኔ ይህን ስናገር ዘመኔ ነው። ይህ ልጅ ብስክሌቱን እንዲህ ካደረገ ቤቴንም እንዲህ ነው የሚያደርገው። እሱም ራሱ ያው ነው፤ አባቱ ከወዲያ፣ እናቱ ከወዲህ!»

ከጓዳው በር ጀርባ የስመኝ ነጠላ ጫፍ ይታያል። አይንቀሳቀስም። ዘገየ ያንን ጫፍ አየ። ልጅቱ ሕይወቷን በእጁ አስይዛዋለች፤ በእጁ ያለው ደግሞ ምላጭ ቢሆን ያውቅበት ነበር፣ ብስክሌት ሆነበት።

አቶ ይስማው ከዘራቸውን አነሱ። ድምፃቸውም ከፍ አለ፤ አውራጃውን ያሸነፉ ቀን እንዲህ ሳይናገሩ አልቀሩም።

«ሕጉ አንድ ነው! ሰንሰለትና ጥርስ የአንድ አባት ልጆች መሆን አለባቸው! የአንድ አባት ልጆች ካልሆኑ አብረው አይኖሩም! ለብስክሌቴ ያልፈቀድኩትን ለልጄ አልፈቅድም። በል ዘገየ፣ አፈኛ ነህ ይሉሃል፤ ይህን ሕግ የሚያፈርስ ቃል ካለህ አሁን ተናገር። ከሌለህ ያንን ጉባኤህን ገፍተህ ውጣ፤ ሁለተኛም አትምጣ።»

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። አቶ ባዬ እንደተነገረው ዝም አለ።

ዘገየ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለችውን አየ፣ ቀጥሎ መሪጌታን አየ፣ ከዚያ ወደ አቶ ይስማው ዞሮ፣ ቆጣም ሳይል፣ ፈገግም ሳይል፣ የጸጉር ዋጋ የሚናገር ይመስል እንዲህ አለ፦

«ጋሽ ይስማው፣ የአንድ አባት ልጆች ቢሆኑማ ልናጋባ ሳይሆን ልናፋታ ነበር የምንመጣው። እርስዎም ያንን ከዘራ ይዘው ይቀድሙን ነበር።»

አቶ ይስማው ከዘራውን አዩት፤ የቢቸናውን መምህር ያባረሩበት ያው ከዘራ ነው። መሪጌታን አዩ። ሰባት ቤት በአባት፣ ሰባት ቤት በእናት ሲቆጥሩ የዋሉት መሪጌታ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አቶ ይስማው ወደ ብስክሌቱ ጎንበስ አሉና ፔዳሉን አንድ ጊዜ አዞሩት። ሰንሰለቱ ሄደ።

ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ብዙ ጊዜ አዩዋት። ስንቱን ዓመት ወለወሏት! ምን እንዳሰቡ እሳቸው ያውቃሉ። ዓይናቸው ግን እርጥብ ብሎ ነበር፤ መነጽራቸውን ቶሎ መልሰው አደረጉ።

«አትክልት!» አሉ።

«አቤት!»

«ወንበር አምጡ እንጂ። ሰው እንዲህ ይቆማል?» አሉና ከዘራቸውን ጥግ አስደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው፣ «ተቀመጡ» አሉ።

ወይዘሮ አትክልት ወንበር የታባቱ! እልልታውን ከጓዳ ለቀቁት፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ስመኝ ሮጣ መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች። አቶ ባዬ ወንበሩ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ ወለሉ ላይ ተዘርፍጦ፣ በሽምግልናው ሁሉ ከአፉ የወጣችውን አንዲት ቃል ተናገረ።

«እፎይ!»

ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተደገሰ። መልስ የተጠሩት ሰዎች የአቶ ይስማው እንግዳ መቀበያ ሲገቡ ግድግዳው ላይ ባዶ ምስማር አገኙ። ምን እንደሆነ ለመጠየቅ የደፈረ የለም።

ሙሽሮቹ ወደ ጅማ በሄዱ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ቄስ ምናሴ በዚያ በሌላኛው መንገዳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲነዱ፣ አንድ ሰው በጣሊያን ብስክሌት ከኋላቸው ደርሶ አለፋቸው። አቶ ይስማው ናቸው። ከዘራቸውን ከብስክሌቷ አግዳሚ ብረት ጋር አስረውታል። ቄስ ምናሴ አገኘሁህ ብለው ረገጡና ደረሱባቸው፤ ጎንበስ ብለው ወደ ፔዳሉ አዩ። ብስክሌቲቱ ያቺው ናት፤ ሰንሰለቱ ግን አዲስ ነው፣ የህንድ ነው።

«ይስማው! ይህ ሰንሰለት የማን ነው?» አሉ ቄስ ምናሴ ጮክ ብለው፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲሰማላቸው።

አቶ ይስማው ፔዳላቸውን ሳያቆሙ፣ ፊታቸውንም ሳያዞሩ መለሱ።

«አማች ነው፣ አባ።»